በትንሽ ገንዘብ ልካችሁ የሆነ ኮርስ ብስክሌት እንዴት ታገኛላችሁ?

የመጀመሪያው ኮርስ ብስክሌቴ በጣም ያምር ነበር። ቀለሙ አልተጫረም፣ ማርሹ ሳይንገጫገጭ ይገባል፣ ዋጋውም ከአቅሜ አልወጣም። ያየው ሁሉ ያደንቅልኝ ነበር። በሦስተኛው ሳምንት 40 ኪሎ ሜትር ነድቼ ተመለስኩና ጃኬቴን ላወልቅ ስል ዚፑን መያዝ አቃተኝ። የቀኝ እጄ ትንሿ ጣትና አጠገቧ ያለችው ደንዝዘዋል።

ወፍራም ጓንት ገዛሁ። መሪው ላይ የተጠቀለለውን ቀይሬ ወፈር ያለ አደረግኩበት። ኮርቻውን ወደ ፊት ገፋሁት፤ ያኔ ደግሞ ጉልበቴ መታመም ጀመረ። ነገሩ የገባኝ ቆይቶ ነው። ፍሬሙ፣ ማለትም ሁሉም ዕቃ የሚገጠምበት የብስክሌቱ አጽም፣ ለኔ 3 ሴንቲሜትር ያህል ይረዝማል። ይህን ደግሞ ጓንት አያስተካክለውም።

ብስክሌት ላይ ብዙ ነገር ይቀየራል። ኮርቻ ከፍ ዝቅ ይላል፣ ጎማ ይቀየራል፣ ካቴና ይቀየራል፣ መሪ ይቀየራል። ፍሬም ግን አንዴ ከተሠራ ተሠራ ነው። ገንዘብ ያለው ሰው ቢሳሳት ሽጦ ሌላ ይገዛል። በጀቱ ጠባብ የሆነ ሰው ግን የተሳሳተውን ለዓመታት ይነዳዋል፣ ወይም ጥግ ላይ ያቆመዋል። ስለዚህ ከመግዛታችሁ በፊት መለካት ያለባችሁ እናንተ ናችሁ። ሥራው አንድ ምሽት ቢፈጅ ነው። የሚያስፈልጋችሁ ሜትር፣ ጠንካራ ሽፋን ያለው መጽሐፍ፣ እርሳስና አንድ ወረቀት ብቻ ነው።

1. እግራችሁን ለኩ፣ ቁመታችሁን ሳይሆን

ቁመታቸው እኩል የሆነ ሁለት ሰዎች አንድ ዓይነት ብስክሌት ይመቻቸዋል ማለት አይደለም። አንዱ እግረ ረጅም፣ ሌላው ወገበ ረጅም ሊሆን ይችላል። ሻጭ “ቁመትህ ስንት ነው?” ብሎ ጠይቆ ወዲያው “ይሄ ልክህ ነው” ካለ ገና ምንም አልለካም።

ጫማችሁን አውልቁ። ጀርባችሁን ግድግዳ አስደግፋችሁ ቁሙ፣ በእግሮቻችሁ መሃል ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር የሚሆን ክፍተት ተዉ። መጽሐፉን በእግሮቻችሁ መሃል አስገቡና አከርካሪው ወደ ላይ፣ ጎኑ ግድግዳውን ሙሉ በሙሉ ነክቶ፣ ኮርቻ ላይ ስትቀመጡ የሚሰማችሁ ግፊት እስኪሰማችሁ ድረስ ወደ ላይ ጎትቱት። በደንብ ጎትቱት፤ አብዛኛው ሰው እዚህ ላይ ይለሳለሳል፣ ልኩም 2 ሴንቲሜትር አጥሮ ይወጣል። የመጽሐፉ የላይኛው ጫፍ ግድግዳውን የነካበት ቦታ ላይ ምልክት አድርጉ፣ ከወለል እስከዚያ ለኩ። ሦስት ጊዜ ደግሙትና አማካዩን ያዙ። ሰው ቢያግዛችሁ ይቀላል።

የኔ 79 ሴንቲሜትር ነው። ከዚህ በኋላ ያለውን ስሌት በዚህ ቁጥር አሳያችኋለሁ።

2. የኮርቻ ከፍታችሁን አስሉ

ሁለት የታወቁ ስሌቶች አሉ። አንዱ እ.ኤ.አ. በ1986፣ በ1989 እና በ1990 ቱር ደ ፍራንስን ባሸነፈው በግሬግ ሌሞንድ ስም የሚታወቀው ነው። የእግራችሁን ልክ በ0.883 ታባዛላችሁ። የሚወጣው ቁጥር ፔዳሎቹን ከሚያዞረው የመሃል ዘንግ መሃል ተነስቶ፣ የኮርቻውን ቱቦ ተከትሎ፣ እስከ ኮርቻው አናት ያለው ርቀት ነው። ለኔ 79 ሲባዛ በ0.883 ወደ 69.8 ሴንቲሜትር ይመጣል።

ሁለተኛው የእግርን ልክ በ1.09 ያባዛል። ይህኛው ግን የሚለካው ፔዳሉ ታች ሲደርስ ከፔዳሉ ዘንግ ጀምሮ ነው፤ ስለዚህ የፔዳል ክንዱን ርዝመት ይጨምራል። የኔ 86.1 ሆነ። የብስክሌቴ የፔዳል ክንድ 17 ሴንቲሜትር ስለሆነ ሲቀነስ 69.1 ይቀራል።

አያችሁ፣ ሁለቱ ስሌቶች በ7 ሚሊሜትር ይለያያሉ። የትኛው ትክክል ነው ብላችሁ አትጨነቁ። ሁለቱም መነሻ ናቸው። ከዝቅተኛው ጀምሩና ወደ ላይ ሂዱ፤ በጣም ከፍ ያለ ኮርቻ ከትንሽ ዝቅ ያለው የበለጠ ጉዳት ያመጣል።

ይህን ቁጥር ወረቀታችሁ ላይ ጻፉት። ግን ፍሬም የምትመርጡበት ቁጥር ይህ አይደለም። ብዙ ሰው፣ እኔንም ጨምሮ፣ የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ ኮርቻው ከፍ ዝቅ ተደርጎ እግር ከደረሰ “ልኬ ነው” ብሎ ይገዛል። የኮርቻው ዘንግ እስከወጣ ድረስ እግር ምንም ላይ ይደርሳል። እጅና ወገብ ግን እንዲህ በቀላሉ አይታረቁም።

3. ዋናው ልክ፦ ርዝመት

በቅርብ ዓመታት የብስክሌት አምራቾች ሁለት ቁጥሮች ያወጣሉ፤ ሪች እና ስታክ። ሪች ማለት ከመሃል ዘንጉ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የሚወጣ መስመር ቢሰመር፣ ከዚያ መስመር እስከ ፊተኛው ቱቦ አናት መሃል ያለው አግድም ርቀት ነው። የፊተኛው ቱቦ የምለው መሪው የሚገባበትን ነው። ስታክ ደግሞ ከመሃል ዘንጉ እስከዚያው አናት ያለው የቁመት ልዩነት ነው። ሪች ምን ያህል እንደምትንጠራሩ፣ ስታክ ምን ያህል እንደምታጎነብሱ ይነግራችኋል።

እነዚህን ቁጥሮች የምወዳቸው በማንኛውም ብስክሌት ላይ በሜትር ስለሚለኩ ነው። ብስክሌቱን የኋላ ጎማው ግድግዳ ነክቶ ቀጥ ብሎ እንዲቆም አድርጉ፣ አንድ ሰው ይያዝላችሁ። ከግድግዳው እስከ መሃል ዘንጉ ለኩ። ከግድግዳው እስከ ፊተኛው ቱቦ አናት መሃል ለኩ። የመጀመሪያውን ከሁለተኛው ስትቀንሱ፣ ማለትም ከትልቁ ላይ ትንሹን ስታነሱ፣ ሪቹን ታገኛላችሁ። ከወለሉ ተነስታችሁ እንደዚሁ ሁለት ጊዜ ብትለኩ ደግሞ ስታኩ ይወጣል። ጎማዎቹ በደንብ የተነፉ፣ ወለሉም የተስተካከለ ይሁን።

የናንተ ሪች ስንት መሆን አለበት? ከሰውነት ልክ ተነስቶ ይህን በእርግጠኝነት የሚሰጥ ስሌት አላምንም። ክርናችሁን ኮርቻው አፍንጫ ላይ አድርጋችሁ ጣታችሁ መሪው ጋ ከደረሰ ልክ ነው የሚባለውን አሮጌ ዘዴም አልጠቀምበትም፤ የክርን ርዝመት ስለ ወገብ ምንም አይናገርም። የሚሠራው ተውሶ መሞከር ነው። ከጓደኛ፣ ከጎረቤት፣ ከዘመድ ሁለት ሦስት የተለያዩ ኮርስ ብስክሌቶች ተዋሱ፣ ኮርቻውን ወደ ከፍታችሁ አምጡ፣ እያንዳንዳቸውን ቢያንስ ለግማሽ ሰዓት ንዱ፣ ከዚያ ለኩና ምን እንደተሰማችሁ አጠገቡ ጻፉ። ሁለት ብስክሌት ብቻ ብታገኙ እንኳን አንዱ ረዝሞባችሁ ሌላው ካጠረባችሁ ልካችሁ በመሃላቸው እንዳለ ታውቃላችሁ።

ሌላው መንገድ ፎቶ ነው። እጃችሁ የፍሬን እጀታው አናት ላይ እያለ ሰው ከጎን ያንሳችሁ። ክርናችሁ ትንሽ ታጥፎ፣ በክንዳችሁና በደረታችሁ መሃል ያለው ማዕዘን 90 ዲግሪ አካባቢ ከሆነ ጥሩ ነው። ክንዳችሁ ቀጥ ብሎ ተወጥሮ ትከሻችሁ ወደ ጆሮ ከወጣ ብስክሌቱ ረዝሟል። ክርናችሁ ጉልበታችሁን ሊነካ ከደረሰ ደግሞ አጥሯል።

ሪቹና ስታኩ አብረው ነው የሚታዩት። ለምሳሌ ሪቹ 380፣ ስታኩ 545 ሚሊሜትር የሆነ ፍሬም ለውድድር የታሰበ ነው፤ ደረት ወደ ታች ያወርዳል። ሪቹ 375፣ ስታኩ 575 የሆነው ግን ረጅም መንገድ በሰላም ያስኬዳል። ብዙ ሰዓት የምትነዱ ከሆነ፣ ወገባችሁም እንደ ልብ የማይታጠፍ ከሆነ፣ ሁለተኛውን ያዙ። ሁለተኛው ጀማሪ ብቻ የሚነዳው ነው የሚል ሰው ካጋጠማችሁ አትስሙት።

4. ፍሬሙ ላይ የተለጠፈውን ቁጥር አትመኑ

54፣ 56፣ ወይም ሚዲየም ተብሎ ይለጠፋል። የጥንቶቹ ፍሬሞች የላይኛው ቱቦ አግድም ስለነበር የኮርቻ ቱቦው ርዝመት ስለ ፍሬሙ ብዙ ይናገር ነበር። ያኔም ቢሆን አንዱ አምራች ከመሃል ዘንጉ እስከ ላይኛው ቱቦ መሃል፣ ሌላው እስከ ቱቦው ጫፍ ይለካ ስለነበር በመሃሉ አንድ ሁለት ሴንቲሜትር ይጠፋ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጨረሻ ንድፍ አውጪው ማይክ በሮውስ ለጃይንት ኩባንያ የሠራው ቲሲአር የተባለ ብስክሌት የላይኛውን ቱቦ ወደ ኋላ ዘቅዘቅ አደረገው፣ ሌሎቹም ተከተሉ። ከዚያ ወዲህ የኮርቻ ቱቦው ርዝመት ብቻውን ምንም አይነግራችሁም። ሁለት “54” ፍሬሞች ጎን ለጎን አቁሜ ለክቻለሁ፣ ሪቻቸው በ14 ሚሊሜትር ተለያየ።

ሪች ካልተጻፈ የላይኛውን ቱቦ አግድም ርዝመት ተጠቀሙ። ይህ ቱቦውን ተከትሎ የሚለካው አይደለም፤ ከፊተኛው ቱቦ አናት መሃል ተነስቶ ከወለል ጋር ትይዩ ሆኖ የኮርቻ ዘንጉ መሃል ድረስ የሚለካው ነው። አንድ ነገር ልብ በሉ፤ የኮርቻ ቱቦው ቀጥ ባለ ቁጥር ተመሳሳይ የላይኛው ቱቦ ያለው ፍሬም በሪች ይረዝማል። አንድ ዲግሪ ወደ 1 ሴንቲሜትር ያህል ለውጥ ታመጣለች።

አጭር ቁመት ያላችሁ ደግሞ አንድ ነገር ተጨማሪ እዩ። በትናንሽ ፍሬሞች ላይ መሪው ሲዞር የጫማ ጫፍ የፊት ጎማውን ሊነካ ይችላል። በፍጥነት ስትሄዱ መሪ ይህን ያህል ስለማይዞር ችግር የለውም፤ ቀስ ብሎ ሲታጠፍ ግን ያስደነግጣል። ቀድማችሁ እወቁት።

5. ገንዘቡን ከመጀመሪያው ክፈሉት

ያላችሁን ሁሉ ብስክሌቱ ላይ አታውሉ። ከአምስት እጅ አንዱን አስቀሩ። ያገለገለ ብስክሌት ስትገዙ ጎማ፣ የፍሬን ገመድና ካቴና ብዙ ጊዜ ይጠብቃችኋል፤ ልክ ለማስተካከልም ስቴም ወይም ኮርቻ መቀየር ሊያስፈልግ ይችላል። ስቴም ማለት መሪውን ከፍሬሙ ጋር የሚያያይዘው አንገት ነው።

አዲስ ወይስ ያገለገለ? በጠባብ በጀት ያገለገለ ነው የምመክረው፣ ግን ጊዜ ካላችሁ ብቻ። ልካችሁ የሆነ ፍሬም እስኪመጣ ሁለት ወር መጠበቅ ሊኖርባችሁ ይችላል። መጠበቅ የማትችሉ ከሆነ ቀለል ያለ አዲስ፣ ግን ልካችሁ የሆነ ግዙ። ጥሩ ዕቃ የተገጠመለት ልክ ያልሆነ ፍሬም ከቀላል ዕቃ ጋር ልክ ከሆነው አይሻልም። የማርሽ ዕቃ ቀስ በቀስ ይሻሻላል።

6. በፎቶ ለኩ

ይህ ዘዴ ብዙ መንገድ አስቀርቶልኛል። ሻጮች አብዛኛውን ጊዜ ልኩን አያውቁም፣ “መካከለኛ ነው” ይላሉ። የጎን ፎቶ ግን ሁሉም ይልካል። ከካቴናው በኩል፣ ከራቅ ያለ ቦታ፣ ካሜራው በብስክሌቱ ወገብ ከፍታ ላይ ሆኖ እንዲያነሱላችሁ ጠይቁ።

መለኪያችሁ ጎማው ነው። የኮርስ ብስክሌት ቸርኬ 700ሲ ከተባለ ጎማው የሚቀመጥበት ዲያሜትር 622 ሚሊሜትር ነው። ባለ 25 ሚሊሜትር ጎማ ከተገጠመለት ከላይም ከታችም 25 ትጨምራላችሁ፣ የጎማው ሙሉ ዲያሜትር 672 ይሆናል። አሁን ስክሪኑ ላይ ማስመሪያ አድርጋችሁ ጎማውን ለኩ። 84 ሚሊሜትር ሆነ እንበል። 672 ለ84 ሲካፈል 8 ነው፤ ስለዚህ ፎቶው ላይ ያለችው አንድ ሚሊሜትር በእውነት 8 ሚሊሜትር ነች።

ባለፈው ለአንድ ወዳጄ እንዲህ እየለካን የላይኛው ቱቦ አግድም ርዝመት ፎቶው ላይ 69 ሚሊሜትር ወጣ። በ8 ስናባዛው 552። ወዳጄ የሚፈልገው 535 አካባቢ ነበር። የሁለት ሰዓት መንገድ ሊሄድለት የነበረውን ብስክሌት ሶፋ ላይ ቁጭ ብለን ተውነው።

ሁለት ጥንቃቄ አለው። የፊትና የኋላ ጎማ ፎቶው ላይ እኩል መሆን አለባቸው፣ ጎማውም በቁመትና በአግድም ሲለካ አንድ ዓይነት መሆን አለበት። ካልሆነ ፎቶው ከጎን ቀጥ ብሎ አልተነሳም፤ ሌላ ጠይቁ። ውጤቱም በአንድ ሴንቲሜትር ሊሳሳት ስለሚችል ለመጣል እንጂ ለመግዛት አትጠቀሙበት። ለመግዛት ሄዳችሁ በሜትር ነው የምትለኩት።

እግረ መንገዳችሁን የፍሬሙን መለያ ቁጥር ፎቶ ጠይቁ። ቁጥሩ ተፍቆ ከሆነ፣ ወይም ዋጋው ያለ ምክንያት እጅግ ዝቅ ካለ፣ ተዉት። የሰው ብስክሌት ሊሆን ይችላል።

7. ስትሄዱ በዚህ ቅደም ተከተል ፈትሹ

ባለ ስድስት ጎን መፍቻ፣ ሜትርና ባትሪ ይዛችሁ ሂዱ። ስትደርሱ ቀለሙንና ማርሹን ከማየታችሁ በፊት የኮርቻውን ዘንግ አላሉና ከፍ ዝቅ አድርጉት። መጀመሪያ ይህን። ሁለተኛው ብስክሌቴ የብረት ፍሬም ነበር፣ የኮርቻው ዘንግ አልሙኒየም። ኮርቻው ለኔ 2 ሴንቲሜትር ዝቅ ይል ነበር፣ ሻጩ ግን “ትንሽ ዘይት ጠብ ሲደረግበት ይወጣል” አለኝና አመንኩት። አልወጣም። ብረትና አልሙኒየም እርጥበት አግኝቷቸው ዓመታት አብረው ሲቀመጡ አንዱ በሌላው ላይ ዝገት ሠርቶ እንደ ተበየደ ይሆናሉ። ለሁለት ሳምንት ማታ ማታ የሚያላቅቅ ዘይት እያጠጣሁ ስታገል ከረምኩ፣ በመጨረሻ ዘንጉን ቆርጦ ከውስጥ የሚያወጣ ባለሙያ ፈለግኩ፤ ያወጣሁት ወጪ ለጎማና ለኮርቻ ያስቀመጥኩትን በላው። ከዚያ ወዲህ ዘንጉ እጄ ላይ ካልተንቀሳቀሰ ድርድር አልጀምርም።

ዘንጉን ስታወጡት ዝቅተኛውን የመግቢያ ምልክት እዩ። ኮርቻው ወደ እናንተ ከፍታ ሲመጣ ያ መስመር ከፍሬሙ ውጭ ከታየ ዘንጉ አጥሯል ወይም ፍሬሙ ትንሽ ነው። ዘንጉ ላይ የተቀረጸውን ውፍረትም ጻፉ። 27.2 ሚሊሜትር ከሆነ ምትክ በቀላሉ ይገኛል።

ቀጥሎ ፍሬሙ። በባትሪ የፊተኛው ቱቦ ከታችኛው ቱቦ የሚገናኝበትን ከሥሩ እዩ። ብስክሌቱ በፊት ተጋጭቶ ከሆነ ብዙ ጊዜ እዚያ ጋ ቀለሙ ይሸበሸባል ወይም ቱቦው በጣት ሲዳሰስ ያበጠ ይመስላል። የመሃል ዘንጉ ዙሪያንም እዩ። ካርቦን ከሆነ በሳንቲም ቀስ እያላችሁ አንኳኩ፤ አንድ ቦታ ላይ ድምፁ ከሌላው ተለይቶ የሞተ ከሆነ አትግዙ። ስንጥቅ ያለበትን ፍሬም በየትኛውም ዋጋ አትግዙ።

የፊት ፍሬኑን ያዙና ብስክሌቱን ወደ ፊትና ወደ ኋላ ወዝውዙ። ቋ ቋ ካለ የመሪው ኩሽኔታ ላልቷል፤ ብዙ ጊዜ ማጥበቅ ይበቃዋል። የፊቱን ጎማ ከመሬት አንስታችሁ መሪውን ስታዞሩ ግን መሃል ላይ ቀጭ ብሎ የሚቆም ከሆነ ኩሽኔታው ተበልቷል። የፔዳሉን ክንዶች ወደ ጎን ገፋ ሳብ አድርጉ፤ መንቀሳቀስ የለባቸውም።

ካቴናውን በማስመሪያ ለኩ። ከአንድ ፒን መሃል ተነስታችሁ፣ የተነሳችሁበትን ሳትቆጥሩ፣ እስከ 24ኛው ፒን መሃል። አዲስ ካቴና 304.8 ሚሊሜትር ነው። 306.5 አካባቢ ከሆነ መቀየሪያው ደርሷል። 308 ከደረሰ የኋላው ጥርስም አብሮት አልቋል፣ ይህንን ከዋጋው ላይ አስቀንሱ።

ጎማዎቹን አሽከርክሩ። ትንሽ መወላገድ ራጂ፣ ማለትም የቸርኬውን ሽቦዎች፣ በማጥበቅ ይስተካከላል። ፍሬኑ ቸርኬውን የሚይዝ ዓይነት ከሆነ የቸርኬውን ጎን በጣታችሁ ዳሱ፤ መሃሉ ጎድጎድ ካለ አልቋል ማለት ነው።

አሮጌ የብረት ብስክሌት የምትገዙ ከሆነ ሦስት ነገር ይበቃል። ጎማው ላይ 27 ተብሎ ከተጻፈ ቸርኬው 630 ሚሊሜትር ነው፣ የ622 ጎማ አይገባበትም። የኋላው መግጠሚያ ስፋት 126 ሚሊሜትር ከሆነ ለ130 የተሠራ የኋላ ቸርኬ እንዲሁ በቀላሉ አይገባም። ስቴሙ ደግሞ ወደ ቱቦው ውስጥ የሚገባው የጥንቱ ዓይነት ከሆነ ከፍ ዝቅ ማድረግ ቀላል ነው፣ ርዝመቱን ለመቀየር ግን ብዙ ጊዜ የመሪውን ጥቅልልና የፍሬን እጀታውን ፈትቶ መሪውን ጎትቶ ማውጣት ያስፈልጋል። ከሰዓት በኋላ ሙሉ የሚወስድ ሥራ ነው።

8. ሳትነዱ አትግዙ

ኮርቻውን ያሰላችሁት ከፍታ ላይ አድርጉ። ተረከዛችሁን ፔዳሉ ላይ አድርጋችሁ ፔዳሉ ታች ሲደርስ እግራችሁ ቀጥ ሊል ይገባል፤ በእግር ፊት ስትረግጡ ጉልበታችሁ ትንሽ ይታጠፋል። ከዚያ ቢያንስ 20 ደቂቃ ንዱ። ሻጩ ከሰጋ መታወቂያችሁን ወይም ገንዘቡን አስይዙ።

መኪና በሌለበት ሜዳ ላይ፣ እየነዳችሁ፣ መዳፋችሁን ከፍሬን እጀታው ላይ በጣም ትንሽ አንሱ፣ ወገባችሁ የነበረበት ሳይቀየር። ወደ ፊት ካልወደቃችሁ ክብደታችሁ ኮርቻና ፔዳል ላይ ነው። ወዲያው ከተደፋችሁ ክብደታችሁን የተሸከሙት እጆቻችሁ ናቸው፤ ጣት የሚደነዝዘውም ለዚህ ነው።

ትንሽ ከረዘመባችሁ ወዲያው አትጣሉት፣ አስሉ። ስቴሙን ለኩ። 110 ሚሊሜትር ከሆነ በ90 ስትቀይሩት 2 ሴንቲሜትር ያጥራል። ከስቴሙ ሥር ቀለበት ጨምሮ 10 ሚሊሜትር ከፍ ማድረግ ከተቻለ፣ የፊተኛው ቱቦ ወደ ኋላ ስለሚያጋድል፣ መሪው ወደ እናንተም 3 ሚሊሜትር ያህል ይመለሳል። ስቴሙ 100 ሚሊሜትርና 6 ዲግሪ ከሆነ ገልብጦ መግጠም ብቻውን መሪውን 2 ሴንቲሜትር ገደማ ከፍ ያደርገዋል፣ ያለ ምንም ወጪ። በእኔ አስተያየት ከ80 በታች ስቴም የሚፈልግ ፍሬም ግን ለናንተ ትልቅ ነው። አመስግናችሁ ውጡ።

9. ቤት ከገባ በኋላ

ቅደም ተከተሉን አታዛቡ። መጀመሪያ የኮርቻ ከፍታ፣ ከዚያ ኮርቻው ወደ ፊትና ወደ ኋላ፣ ከዚያ መሪው። ፔዳሎቹን አግድም አድርጋችሁ ከፊተኛው ጉልበታችሁ ፊት ክር ላይ ዳዶ አስራችሁ ብታወርዱ የፔዳሉ ዘንግ ላይ አካባቢ ይወድቅ። ይህ መነሻ እንጂ ሕግ አይደለም። ኮርቻውን ግን መሪው ራቀ ብላችሁ ወደ ፊት አትግፉት፤ እኔ ጉልበቴን ያሳመምኩት እንዲህ ነው። የራቀን መሪ የሚያቀርበው ስቴም ነው።

ኮርቻው አልመች ካላችሁ ለስላሳውን ለመግዛት አትሩጡ። ስፋቱን እዩ። የካርቶን ቁራጭ ደረጃ ላይ አድርጋችሁ፣ ጉልበታችሁን ከፍ አድርጋችሁ ተቀመጡበት። የመቀመጫ አጥንቶቻችሁ ሁለት ጉድጓድ ይተዋሉ። ከአንዱ መሃል እስከ ሌላው መሃል ለኩ፣ 2 ሴንቲሜትር ገደማ ጨምሩ፤ የምትፈልጉት የኮርቻ ስፋት እዚያ አካባቢ ነው። የመሪ ስፋት ደግሞ ከትከሻ አጥንት እስከ ትከሻ አጥንት ካለው ጋር ቢቀራረብ ይበቃል።

ከዚያ ሰውነታችሁን አዳምጡ። የጉልበት ፊት ካመመ ኮርቻው ዝቅ ብሏል ወይም በጣም ወደ ፊት ሄዷል። የጉልበት ጀርባ ካመመ ከፍ ብሏል። ከኋላ የሚያይ ሰው ዳሌያችሁ ግራ ቀኝ ሲል ካየ አሁንም ከፍ ብሏል። አንገትና ወገብ ካመመ መሪው ርቋል ወይም ዝቅ ብሏል። እጅ ከደነዘዘ መጀመሪያ የኮርቻው አፍንጫ ወደ ታች አለመዘቅዘቁን እዩ። በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ፣ ከ3 እስከ 5 ሚሊሜትር፣ ቀይሩና ሁለት ሦስት ጊዜ ነድታችሁ ፍረዱ። ሁለት ነገር አብራችሁ ከቀየራችሁ የትኛው እንደረዳችሁ አታውቁም።

ካርቦን ላይ የሚጠብቅን ቡሎን በስሜት አታጥብቁ። ብዙ ጊዜ ስቴሙ ላይ 5 ኒውተን ሜትር ወይም የሚመሳሰል ቁጥር ተጽፏል፤ በዚያ ልክ የሚያጠብቅ መፍቻ ተዋሱ። የአልሙኒየም ዘንግ ብረት ፍሬም ውስጥ የሚገባ ከሆነ ግራሶ ቀብታችሁ አስገቡ፣ በዓመት ሁለቴም አውጥታችሁ ጥረጉት።

ሲስማማችሁ የኮርቻውን ዘንግ ከፍሬሙ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ በቀጭን ፕላስተር ዙሩት። ከዚያ የኮርቻውን ከፍታ፣ ከኮርቻው አፍንጫ እስከ መሪው መሃል ያለውን ርቀት፣ የስቴሙን ርዝመት፣ ሪቹንና ስታኩን መጀመሪያ በጻፋችሁበት ወረቀት ላይ ጻፉ። ወረቀቱን ፎቶ አንሡትና ስልካችሁ ላይ አስቀምጡት። የሚቀጥለውን ብስክሌት ስትፈልጉ በዚያ ነው የምትጀምሩት።